ኩርባው ላይ የነበረችው ጎሚስታ

ዳገቱ ላይ ጎማው የተነፈሰበት ሹፌር ሁሉ ያውቃታል። ስሟን የሚጠራ ግን የለም፤ «እትዬ ክሪክ» ነው የምትባለው። ክሪክ ያው ጎማ ሲቀየር መኪና የሚነሣበት ነው። እሷም የወደቀ ነገር አይታ ማለፍ አይሆንላትም፤ ወይ ራሷ ታነሣዋለች፣ ወይ የሚያነሣው ሰው ጮኻ ትጠራለች።

ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ቁመቷ አጭር፣ ክንዷ ብርቱ፣ ድምፅዋ ኮምፕሬሰሩ እየሠራም ከሩቅ የሚሰማ። ሙያውን ያስተማራት ባሏ ነበር። እሱ ሲሞት ዘመዶቹ ተሰብስበው «በቃ ይህን የወንድ ሥራ ተዪና ሻይ ቤት ክፈቺበት» ቢሏት፣ «ሻይማ ማንም ያፈላል። የከባድ መኪና ቡሎን የሚፈታ እጅ ይዤ ስኳር ላማስል?» ብላ በማግሥቱ ሱቋን ከፈተች። በዚያው እጇ አንዲት ልጇን አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ነርስ አደረገቻት። ልጅቷ ከዳገቱ ግርጌ ባለው ጤና ጣቢያ ትሠራለች።

ሱቁ ከዳገቱ ወገብ ላይ፣ ኩርባው እቅፍ ውስጥ ነበር። ባሏ በገዛ እጁ ያቆመው የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ከጎኑ አሮጌ ጎማ እስከ ጣሪያው ተደርድሮ እንደ ግንብ ቆሟል። አለፍ ሲሉ የአውቶቡስ ማቆሚያውና የእግረኛ መሻገሪያው ዜብራ፣ ከማዶ ትምህርት ቤቱና የሱቆቹ ረድፍ አለ። መንገዱ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ከማሳለፍ የማይዘል ጠባብ ነው። የጫነ መኪና ሽቅብ ሲያዘግም፣ ትዕግሥት ያለቀበት ታክሲ ከኋላው ወጣ ብሎ ሊቀድመው ይሞክራል፤ ከላይ ደግሞ ሌላው ፍሬኑን እያስጮኸ ይወርዳል። በዚያ ኩርባ ያልተጋጨ የመኪና ዓይነት አልነበረም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ልብስ ሰፊው ተገጨ። ከሱቋ ጎን ማሽኑን ዘርግቶ ሃያ ዓመት አብሯት የሠራ ጎረቤቷ ነው። ክር ሊገዛ ወደ ማዶ ሲሻገር ከላይ የመጣች ፒካፕ አነሣችው። እትዬ ክሪክ ከማንም ቀድማ ደረሰች፤ በጎማ ማውለቂያው ብረት እግሩን ደግፋ አሰረችና ጤና ጣቢያ ድረስ አብራው ወረደች። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩ ግን ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር።

ያን ጊዜ ሠፈሩ ተነሣ። የመንገድ መሥሪያ ቤቱም ዝም ማለት አልቻለምና መሐንዲስ ላከ፤ በትምህርት ቤቱ አዳራሽም ስብሰባ ተጠራ። መሐንዲሱ ቀጭን፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ከመናገሩ በፊት መነጽሩን የሚያብስ ወጣት ነው። ካርታውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ ኩርባው ተቆርጦ መንገዱ ቀጥ እንዲልና እንዲሰፋ መታሰቡን ተናገረ። ለዚህም በማዶ በኩል የአሥራ አራት ቤቶች ፊት ይነሣል አለ።

አዳራሹ እንደ ንብ ቀፎ ተናወጠ። በተለይ አንድ ባለሱቅ፣ ሱቁ ከረድፉ መጀመሪያ ላይ ስለሆነ፣ ወንበር ላይ ቆሞ ጮኸ። መሐል ላይ እትዬ ክሪክ እጇን አነሣች፤ ስትነሣ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች መሐንዲሱን። «መንገድ ሲሰፋ የሰው ትዕግሥት ይሰፋል?»

ሰው ሳቀ። መሐንዲሱ ግን አልሳቀም።

«ይህ ኩርባ ባይኖር ከላይ የሚመጣው መኪና ጤና ጣቢያው በር ላይ ነው የሚቆመው፤ ያውም ከቆመ። እኔ የማውቀው ጎማ ነው። እጄ ላይ የሚገባው የወራጅ ጎማ ቸርኬው፣ ያ የጎማው ብረት፣ ይፋጃል፤ ፍሬን ተይዞ ተይዞ የጋለ ነው። ቀጥ ያለ ቁልቁለት ሰጥታችሁት ምን ሊሆን ነው? የወጪው ደግሞ በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚበሳው። ለምን? ዝናብ በመጣ ቁጥር ጎርፉ ጠጠሩን ጠርጎ አስፋልቱ ላይ፣ በዚያው በኩል ስለሚያራግፈው ነው። እናንተ ካርታ አላችሁ። እኔ ሃያ አምስት ዓመት ጎማ አንብቤአለሁ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። መሐንዲሱ መነጽሩን አበሰና «ጎማውን ሊያሳዩኝ ይችላሉ?» አላት።

«ነገ ጠዋት ና» አለችው። «ልብስህ እንዳይቆሽሽ ብቻ አሮጌ ልበስ።»

አሮጌ ሳይለብስ መጣ፤ ቆሸሸም። ሦስት ቀን ሙሉ ዳገቱን አብረው ወጡ፣ አብረው ወረዱ። ጠጠሩ የሚወርድበትን ስንጥቅ፣ የጫኑ መኪኖች ማርሽ የሚቀይሩበትን ቦታ፣ ታክሲዎቹ ሊቀድሙ ብቅ የሚሉበትን አሳየችው። እሱ ለካ፣ ቆጠረ፣ ጻፈ። የማታውቀውንም ነገራት፤ ጠጠሩ ለምን እዚያ እንደሚከማች፣ ውኃው ከላይ በቦይ ቢጠለፍ ምን እንደሚሆን። «ልጁ ጆሮ አለው» አለች ማታ ለልጇ። ይህ በእሷ አፍ ትልቅ ምስጋና ነው።

በሦስተኛው ቀን ግን መሐንዲሱ ዜብራው ላይ ቆሞ ወደ ላይ አየ፣ ለካ፣ እንደገና ለካ፤ ከዚያም ሜትሩን ጠቅልሎ መነጽሩን አበሰ።

«ምን አገኘህ?»

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ሹፌር አጠገብ ጋቢና ተቀምጠው ይውረዱ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

ነገሩ እንግዳ ሆነባት። መንገዱን በእግሯ እንደ መዳፏ ታውቀዋለች፤ በአውቶቡስ ስትሄድም ሁልጊዜ ከኋላ ነው የምትቀመጠው። ቢሆንም በማግሥቱ የድሮ ደንበኛዋን፣ ሲሚንቶ የሚያመላልሰውን ሹፌር፣ ዳገቱ አናት ላይ ጠበቀችው። በእርጋታው «ጋሼ ነገ» ይሉታል፤ ዛሬ ጭኖ ነገ ይደርሳል ለማለት ነው።

«ምነው በሰላም?» አላት በሩን እየከፈተላት።

«ሽርሽር አማረኝ። ንዳ።»

በከባድ ማርሽ ቀስ እያለ ወረደ። ኩርባው ጋ ሲደርሱ ከፊቷ ያየችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የራሷ ሱቅ። ቆርቆሮውና የጎማው ግንብ የመስታወቱን ግማሽ ሞሉት። ማቆሚያው የለም፣ ዜብራው የለም፣ ትምህርት ቤቱ የለም። ጎማውን አለፍ እንዳሉ መንገዱ በድንገት ተገለጠ፤ ዜብራው ላይ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ቦርሳዋን አንግታ እየተሻገረች ነው። ልጇ ናት፤ ከተረኝነት እየተመለሰች ነበር።

ጋሼ ነገ አስቀድሞ ፍጥነቱን ስለቀነሰ ሳይጨነቅ ቆመ። ልጅቷም እናቷን ጋቢና ውስጥ ስታይ ስቃ እጇን አወዛወዘች። እትዬ ክሪክ ግን እጇን ማንሣት አቃታት።

«እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ ትንፋሼን እይዛለሁ» አለ ጋሼ ነገ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ስንት ዓመት በዝናብ በፀሐይ ጎማዬን የምታነሺልኝን ሴት፣ ቤትሽ ዓይኔን ጋረደኝ ልበላት? በየት አፌ?»

ወረደችና በቀጥታ ልብስ ሰፊው ቤት ሄደች። እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ቁልፍ እየተከለ አገኘችው። ዘወትር ስትጠይቀው የፒካፑን ሹፌር ሰባት ትውልድ ትረግም ነበር። ያን ቀን ግን በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ የወደቀ ክር ትለቅም ጀመር።

«ምን ሆነሻል? ዛሬ ሹፌሩን አልረገምሽልኝም።»

«ሹፌሩ ሊያይህ አይችልም ነበር። የእኔ ጎማ ነው የጋረደህ።»

መርፌውን አስቀመጠ። «እኔማ አላሰብኩትም ብልሽ ታምኚኛለሽ?»

«አላምንህም።»

«እንግዲያው አልዋሽሽም። ሐኪም ቤት ተኝቼ አስቤዋለሁ። ግን ያሰረችኝም፣ ያደረሰችኝም አንቺ ነሽ። አንዱን አንሥቼ ሌላውን ልተወው?»

አለቀሰች። ብዙ አይደለም፤ በመዳፏ ጠረገችና የተሰበረው እግሩ ላይ የተንሸራተተውን ብርድ ልብስ አስተካክላለት ወጣች።

ማታ እራት ላይ ለልጇ ሁሉንም ነገረቻት። ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀምጣ «እማዬ፣ አባዬ እኮ ነው የሠራው» አለች።

«አዎ። አባትሽ ሲሠራው በቀን አሥር መኪና አያልፍም ነበር። ዛሬ ቢኖር መዶሻውን ከእኔ ቀድሞ ያነሣ ነበር። ደግሞ ቤት የሠራን ሰው በቤቱ ነው እንዴ የምናስታውሰው? አፍንጫሽን በመስታወት እይው።»

ልጅቷ ሳቀች። በዚያው ነገሩ አለቀ።

ሁለተኛው ስብሰባ ሲጠራ ሠፈሩ በሙሉ ለጦርነት ተዘጋጅቶ መጣ። እትዬ ክሪክ ገና ሳትጠራ ተነሣች።

«መጀመሪያ የሚፈርሰው የእኔ ነው» አለች። «ማንም እንዳይከራከርልኝ።»

ባለሱቁ ከመቀመጫው ዘለለ። «ተሸጠሻል!»

«ብሸጥማ ጥሩ ዋጋ ባወጣሁ። ቁጭ በልና ስማኝ፣ ወንድም ዓለም። የእኔ ሱቅ ሲነሣ ሹፌሩ ዜብራውን ከሩቅ ያያል። ስለዚህ ኩርባው አይቆረጥም፤ የአሥራ አራታችሁም ቤት አይነካም። እኔ ብቻ ነኝ የምነሣው። በምትኩ ግን የምጠይቀው አለኝ።» ወደ መሐንዲሱ ዞረች። «የጫነ መኪና ሽቅብ ሲያዘግም ጥግ የሚይዝበት ሦስተኛ መስመር፣ ቤት በሌለበት ባዶ ጎን በኩል። ለጎርፉ ቦይ። ማቆሚያው ከኩርባው ሰማንያ እርምጃ ይራቅ። ቁልቁለቱ ላይ አራት የፍጥነት መግቻ ጉብታ።»

መሐንዲሱ እየጻፈ ቆይቶ «ጉብታው አይሆንም» አለ።

«ለምን አይሆንም?»

«የጫነ መኪና ቁልቁለት ላይ ጉብታ ሲያገኝ ወይ ይዘላል ወይ ፍሬኑን ይጨርሳል። ጎማ የሚያንገጫግጭ ስስ መስመር ከኩርባው በላይ አስቀድመን እንሠራለን፤ ሹፌሩ እንዲነቃ። ጉብታውን ከኩርባው በኋላ መንገዱ ደልደል በሚልበት፣ ዜብራው ራሱ ከፍ እንዲል አድርገን እንሠራዋለን።»

«እሺ፣ በዚህ ረታኸኝ» አለች እትዬ ክሪክ። ሰው ከእሷ አፍ ሰምቶት የማያውቅ ቃል ነበር። ባለሱቁም አንድ ነገር ተሸነፈ፤ ሱቁ ፊት መኪና ማቆም ተከለከለ። ይህን እስከ ዛሬ አልተወላትም፤ በየጠዋቱ ሰላምታውን ሰጥቶ ቀጥሎ ያነሣባታል።

ሱቋን ያፈረሰችው ራሷ ናት። ማሽን እስኪመጣ አልጠበቀችም፤ መሰላል አቁማ ምስማሩን በመንቀያ እየነቀለች ቆርቆሮውን አንድ በአንድ አወረደች። ጎማዎቹን ጋሼ ነገ በሦስት ዙር ጫነላት። ልብስ ሰፊው በምርኩዝ ቆሞ «ያን ጥሩ ምስማር አትጣይው» እያለ ያዛት ነበር። ቦታው ባዶ ሲቀር ግን የባሏ እግር የቆመበት ሲሚንቶ ላይ ጥቂት ቆማ ሄደች።

ሥራው ዘጠኝ ወር ፈጀ። አቧራው ልብስ አላሰጣ ብሎ፣ ውኃው ሁለት ጊዜ ተቋርጦ፣ ሠፈሩ መሐንዲሱንም እሷንም አማ። እሷም በየሳምንቱ እየሄደች የቦይ ሠራተኞቹን ትቆጣ ነበር፤ አንድ ጊዜ ቦዩ ጠባብ ነው ብላ ውስጡ ገብታ አልወጣም አለች። እንደገና ለኩት፤ እውነትም ጠቦ ተገኘ።

ምትክ ቦታ ሲሰጧት ግርጌውን ሊሰጧት ነበር። እንቢ አለች። ዳገቱ አናት ላይ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ሜዳ መረጠች፤ ከባድ መኪኖች ጥግ ይዘው ፍሬንና ጎማ የሚያዩበት ማረፊያ እዚያው እንዲሠራም ሐሳቡን ያመጣችው እሷ ናት። «የታመመ ሰው ከወደቀ በኋላ አይደለም ሐኪም የሚያየው» አለቻቸው። ልጇ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ከወደቀ በኋላ እንደሚያየው ብትነግራትም ቃሏን አላነሣችም።

በመጀመሪያው ዓመት ኩርባው ላይ ሁለት ግጭት ብቻ ደረሰ፤ ሁለቱም ቆርቆሮ ከማጣመም አላለፉም። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በዘነበ ጊዜ ሰው ወጥቶ ቦዩን አየ፤ ውኃው ጠጠሩን ይዞ በቦዩ ወረደ፣ አስፋልቱ ንጹሕ ሆኖ አደረ። ልብስ ሰፊው ማሽኑን ከማዶ፣ ክር መሸጫው አጠገብ ዘርግቷል።

እሷም አናቱ ላይ ናት። ባለፈው ማክሰኞ ቲማቲም የጫነ አንድ እንግዳ ሹፌር ጎማ ሊያስነፋ ቆመ። ቸርኬውን ነካ አድርጋ እጇን ቶሎ መለሰች።

«ፍሬንህ ገና ሳትወርድ ነዷል። አትወርድም።»

«ገበያው ያመልጠኛል፣ እትዬ! ስንት ጊዜ በዚህ ወርጃለሁ!»

«ዛሬ አትወርድም አልኩህ።» ክሪኩን ከመኪናው ሥር ከታ የፊቱን ጎማ ከመሬት አነሣችው። «አሁን ውረድ እስቲ።»

ሹፌሩ ጸጉሩን ይዞ ዞረ፣ ተሳደበ፣ ለመነ፣ በመጨረሻ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እሷ መካኒክ ደውላ ጠራችለት። እስኪመጣ ስልኩን አውጥቶ አለቃውን ሲያናግር ትሰማዋለች።

«አዎ፣ ተይዤ ነው... አይ፣ ትራፊክ አይደለም... ጎሚስታ ናት። ጎሚስታ! ... አይ ጌታዬ፣ እሷን መለመኑ አይሞከርም።»