ከዘጠና ሰባት ቀጥሎ

የሂሳብ መምህሩን ተማሪዎቻቸው «ጋሽ ዘጠና ሰባት» ይሏቸው ነበር። ስሙን ያወጣላቸው በቀይ ቀለም ጽፈው ከሰሌዳው አጠገብ የሰቀሉት ካርቶን ነው። ከራሳቸውና ከአንድ በቀር ማንም እኩል የማይከፍላቸው ሃያ አምስት ብቸኛ ቁጥሮች፣ ከሁለት ጀምሮ እስከ ዘጠና ሰባት ተደርድረውበታል። አንድ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ማወቅ የፈለገ በእነዚህ በተራ ያካፍላል፤ አለቀ። ለመማሪያ መጽሐፉ ቁጥሮች ካርቶኑ በቅቶ ይተርፍ ነበር።

አንድ ቀን ግን ጀብድ ቢጤ አማራቸውና አንድ ሚሊዮን አንድን ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ክፍሉ እርሳሱ እስኪዶለዱም አካፈለ፤ ሃያ አምስቱም እምቢ አሉ። መምህሩ «ብቸኛ!» ብለው ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። ይሄኔ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ እሳቸው የሚያሳድጓት ታናሽ እህታቸው ነበረች።

«ጋሼ፣ በመቶ አንድስ ብንሞክረው?»

በተማሪ ፊት በቤት አጠራሯ «ጋሼ» ማለቷ ይሁን ጥያቄው፣ ብቻ ደማቸው ፈላ።

«ካርቶኑ ላይ መቶ አንድ አለ? ዓይን የለሽም? ቁጥር ላንቺ አልተፈጠረም፤ ሂጂና መርፌሽን ያዢ!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልጅቷ ከዚያ ወዲያ የሂሳብ ደብተሯን አላሳየቻቸውም። ስታድግ እጇ የሚመሰገን ልብስ ሰፊ ሆነች፤ እሳቸውም «እኔ ነኝ የመከርኳት» እያሉ ጉራቸውን ይነዙ ነበር። አይ ሰው!

ጡረታ ሲወጡ ካርቶኑን ጠቅልለው ቤታቸው አመጡት። ሥራ የፈታ እጅ አርፎ አይቀመጥምና ጀርባው ላይ ቁጥር ሲሞነጫጭሩ ያ የጥንቱ አንድ ሚሊዮን አንድ ትዝ አላቸው። እስቲ ብለው በመቶ አንድ አካፈሉት። ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ ደረሰ፤ ቀሪ የለውም። ከዘጠና ሰባት ቀጥሎ የሚመጣው ብቸኛ ቁጥር ደግሞ መቶ አንድ ነው። አንድ ቁጥር ሲቀራቸው ነበር ያቆሙት።

በማግስቱ ካርቶኑን በብብታቸው ይዘው እህታቸው ሱቅ ሄዱ።

«ያ ቁጥር… ልክ ነበርሽ» አሏት ገና ሳይቀመጡ።

የስፌት መኪናዋን አቆመች። «አውቃለሁ ጋሼ። ያን ዕለት ቤት ገብቼ አካፍዬዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«በተማሪዎችህ ፊት ላሳፍርህ? ከአንተ ሌላ ማን ነበረኝ?»

ካርቶኑን ከብብታቸው አውጥተው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡት። እሷ ግን የኮታቸውን እጅጌ አይታ ከንፈሯን መጠጠች። «ይሄ እኮ አልቋል። ቁም፣ ልለካህና አዲስ ልስፋልህ።»

እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ሜትሩን እያዞረች፣ እየጻፈች፣ በለሆሳስ ታጉረመርማለች።

«ትከሻ አርባ ሦስት… ብቸኛ። ደረት ዘጠና አንድ… ሰባት ጊዜ አሥራ ሦስት።»

የምታወራው ለእሳቸው አልነበረም። ይህን ሁሉ ዓመት በየደንበኛው ትከሻና ወገብ ላይ ለብቻዋ ስታሰላ መኖሯ ያን ጊዜ ገባቸው። እጃቸውን እንደዘረጉ እንባቸው ወረደ።

«አትንቀሳቀስ ጋሼ» አለቻቸው ቀና ሳትል፣ «ልኩ ይዛባብኛል።»