ብርዝ ያልኩት ጭፈራ

ቢቸና አስተማሪ በነበርኩባቸው ዓመታት እስክስታ የማይገባው ሰው ለእኔ ጎደሎ ሰው ነበር። ዛሬ ስናገረው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን በኩራት እለው ነበር።

የአውራጃው የኪነት ቡድን ትርኢት ባሳየ ቁጥር ከፊተኛው ወንበር የማንጠፋ ስድስት ሰባት ሰዎች ነበርን። ትርኢቱ ሲያልቅ አንድ ሻይ ቤት እንሰበሰብና ክርክሩ ይጀመራል። ማሲንቆና ከበሮ ባለበት አኮርዲዮን ምን ሊሠራ ገባ? ልጅቷ ትከሻዋን ከመታች በኋላ ወገቧን ለምን ነቀነቀች? ወገብ ከመቼ ወዲህ ነው የጎጃም የሆነው? እኔና አንድ የጤና ረዳት ንጹሕ ካልሆነ አንሰማም ባዮች ነበርን። የእርሻ መሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ደግሞ ዘፈን እንደ ዘር ነው፣ ከየትም ይምጣ አፈሩን ከወደደው የእኛ ነው ይለናል። አንድ ጊዜ ዲስኮና እስክስታ ተጋብተው ቢወልዱ ልጁን ክርስትና አነሣዋለሁ ቢለኝ ሳምንት አኩርፌዋለሁ።

ስለ ሌላ ነገር እንዲህ አንከራከርም ነበር። ስለ ዘመቻ፣ ስለ ስብሰባ፣ ማታ ከቤቱ ተጠርቶ ስላልተመለሰ ጎረቤት አፍ የሚከፍት አልነበረም። ስለ ትከሻ ግን ጠረጴዛ እየደበደብን እንጮኻለን። አሁን ሳስበው ያን ያህል የከረርነው ሳንፈራ የምናወራው እሱን ብቻ ስለነበር ይመስለኛል።

የሞጣዎቹን እንንቃቸው ነበር። ሞጣ የነጋዴ ከተማ ነው፤ ከጨርቁና ከጨው ጋር ካሴትም ይገባል። የሱዳን ዘፈን በየሱቁ ሲንቆረቆር ይውላል። የእነሱ ኪነት ቡድን ያገኘውን ሁሉ ይቀላቅላል እየተባለ ስለሚወራ፣ ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ተወዛዋዥ የሚመረጠው ሞጣ ላይ ነው፣ አንቺም ከዳኞቹ አንዷ ነሽ ስባል ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ጥብቅ ናት ተብሎ ነው የተመረጥኩት። የእጅ ጽሑፌም ያምር ነበር።

ዳኞቹ ሦስት ነበርን። አንዱ ከባህል ክፍል የመጣ ሠራተኛ ነው፤ እሱ እኛ ያልነውን ይፈርማል። ሁለተኛው ከደብረ ወርቅ አካባቢ የመጡ ማሲንቆ ተጫዋች ሽማግሌ ናቸው። ስለ እስክስታ የማውቀውን ብዙውን የተማርኩት ከእሳቸው ነው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። በንጽሕና ነገር ከእኔም ይብሳሉ። አኮርዲዮን ሲሰሙ ጥርሱ እንደታመመ ሰው አገጫቸውን ይይዛሉ።

የሞጣዋ ልጅ የወጣችው ወደ መጨረሻው ላይ ነው። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ እሷም ልብስ ሰፊ ነበረች። ትከሻዋ ሲጀምር እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ትከሻ እንዲያ ሲታዘዝ ከዚያ በፊት አላየሁም፣ ከዚያ በኋላም አላየሁም። ከዚያ ምቱ ተለወጠ። አኮርዲዮኑ የሱዳን ዜማ አነሣ፤ እሷ ትከሻዋን ሳትተው እግሯን በወለሉ ላይ እየጎተተች ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ከፊት የተቀመጠው የሞጣ አውራጃ ካድሬ ሳይቀር መዳፉ እስኪቀላ አጨብጭቧል። እኔ ተናደድኩ። ዓይኔን ከእሷ መንቀል አቅቶኝ ስለነበር ጭምር ይመስለኛል የተናደድኩት። ነጥብ መስጫው ወረቀት ላይ አስተያየት የሚል መስመር ነበር። እዚያ ላይ፣ በዚያ በሚያምር ጽሑፌ፣ «ጭፈራዋ ብርዝ ነው» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ሌላ አልጨመርኩም።

ልጅቷ አልተመረጠችም። ቢቸና ተመልሼ ለጤና ረዳቱ እንዴት አድርጌ እንደጣልኳት አወራሁለት፤ ሳቅን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ዳይሬክተሩ ራሱ መጥቶ ከበር ጠራኝ። በእጁ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዟል። በኪነት ዳኝነት ወቅት ስለሰጠሽው አስተያየት ማብራሪያ ስለሚፈለግ በተባለው ቀን ሞጣ ቀርበሽ እንድታስረጂ ይላል። ዳይሬክተሩ ምን ጽፈሽ ነው አላለኝም። ወረቀቱን ሰጥቶኝ ፈጥኖ ሄደ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታው አጠረ። ሻይ ቤቱ ውስጥም ነገሩን ስናገር የጤና ረዳቱ ብርጭቆውን ሳይጨርስ ተነሣ። የእርሻው ጸሐፊ ብቻ ቀረና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ልጅቷ አራት ቀን ሆኗታል በቀበሌ እስር ቤት ውስጥ ናት አለኝ። አዲስ መመሪያ መጥቷል፤ የውጭ ባህል የሚያስገቡ ሰዎች ይጣራሉ ተብሏል። ለመጣራት ስም ያስፈልጋል፤ እኔ በፊርማዬ ስም ሰጥቻለሁ።

የዚያን ሰሞን እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ፍርሃቴ ሁለት ዓይነት ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥ ልለየው አልቻልኩም። ልጅቷ በእኔ ቃል ትጠፋለች ብዬ እፈራለሁ። ቃሌን ባነሣ ደግሞ በራዧን ደግፋ ዋሸች ተብዬ እኔ እጠፋለሁ ብዬ እፈራለሁ። ሱዳን ማለት ያኔ ካሴት የሚመጣበት አገር ብቻ አልነበረም፤ ሸፍተው የሄዱ ሰዎች የሚኖሩበት አገር ነው። ካሴቱን ማን ሰጣት ከተባለ መልሱ የት ድረስ እንደሚሄድ ማንም አያውቅም።

የይለፍ ወረቀት ከቀበሌ አውጥቼ በጭነት መኪና ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅ ላይ ጋሼ ጠበቁኝ፤ እሳቸውም ተጠርተዋል። ጭቃው መኪናውን ሁለት ጊዜ ስለያዘው ሰው ሁሉ ወርዶ ገፋ። ጋሼ ግን አልወረዱም፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው እንደተቀመጡ ናቸው። ገፍቼ ወደ መኪናው ስመለስ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩኝ።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ሲባል አልሰማሽም? እኔም ያንን እግር ጠልቼዋለሁ። ግን በሆዴ ነው የጠላሁት።»

ሞጣ ስንደርስ ቀጠሯችን ከሰዓት በኋላ ስለነበር ጊዜ ነበረን። መኪናው መቆሚያ ላይ አንዲት ሴት ወደ እኛ መጣች። የልጅቷ እናት ናት፤ ዳኞቹ ዛሬ ይመጣሉ ሲሉ ሰምታ ከጠዋት ጀምሮ ስትጠብቅ ኖራለች። ማን ምን እንደጻፈ አታውቅም። እባካችሁ ትንሽ ዕረፉ ብላ ወደ ቤቷ ወሰደችን። አባትየው ሱቁን ዘግቶ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል፤ ካሴቶቹ ግድግዳው ላይ ተደርድረው የነበሩበት ቦታ ባዶ ነው። ወስደዋቸዋል። እናትየዋ በብርጭቆ ብርዝ ቀድታ አቀረበችልን። የእነሱ ቤት የክብር እንግዳ መጠጥ እሱ ነው። እኔ ብርጭቆውን አንሥቼ ከከንፈሬ አስነካሁና መዋጥ አቃተኝ። ጋሼ ግን የእሳቸውን ጨለጡት። ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩና እንዲደገምላቸው ለመኑ።

እናትየዋ ስንወጣ በሩ ላይ እጄን ይዛ፣ «ልጄን ስትጨፍር ያያችኋት እናንተ ናችሁ። ደኅና ቃል ተናገሩላት» አለችኝ። እሺ አልኳት። ከዚያ የከበደ እሺ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

መንገድ ላይ ጋሼ ክንዴን ጨብጠው፣ እኔ እስክናገር አንቺ አትናገሪ፣ ስትጠየቂም እኔ ያልኩትን ነው የምትይው አሉኝ። ምን ሊሉ እንዳሰቡ ብጠይቃቸው ቀድመውኝ መራመድ ጀመሩ።

ቢሮው ውስጥ የጠበቀን ያ አዳራሹ ውስጥ ያጨበጨበው ካድሬ ነው፤ ከእኔ በዕድሜ ብዙ የሚበልጥ አልነበረም። ወንበር ሰጠን። የእኔ ወረቀት ፊቱ ተዘርግቷል፤ ከቃሌ ሥር በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተሠምሯል። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ጓዲት መምህርት እያለ፣ ጥሩ ዓይን እንዳለኝ፣ ሕዝቡና እሱ ራሱ ያላዩትን እንዳየሁ አመሰገነኝ። ምስጋናው ከስድብ በላይ አስፈራኝ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«ብርዝ ነው ብለሻል። በምን ነው የተበረዘው? ማን ነው የበረዘው?»

ጋሼ ቀድመውኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጌታዬ፣ እሷ የጻፈችው በእኛ በተጫዋቾቹ አነጋገር ነው። ብርዝ ምንድን ነው? ማርና ውሃ ነው። ጌሾ ያልገባበት፣ ገና ያልፈላ። ይጣፍጣል፣ ግን ጠጅ ለመሆን ጊዜ ይቀረዋል። ልጅቷ ማር ናት፣ ገና አልበሰለችም ማለቷ ነው። ነቀፋ ነው፤ ግን የልጅነት ነቀፋ ነው።»

ካድሬው ወረቀቱን አየ፣ ሽማግሌውን አየ።

«እግሯስ አባት? ያ የሱዳን አይደለም?»

«የቆላ ነው» አሉ ጋሼ፣ ዓይናቸውን ሳያሽሹ። «ዓባይ በረሃ ወርጄ ሠርግ ስጫወት አይቼዋለሁ። አሸዋ ላይ የሚጨፍር ሰው እግሩን አያነሣም፤ ይጎትታል።»

ሐሰት ነው። ስለ ጭፈራ ሲዋሹ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ካድሬው ወደ እኔ ዞረ፤ ደብዳቤው ከመጣ ጀምሮ ስፈራው የነበረው ሰዓት ያ ነበር።

«እውነት ነው?»

«አዎ፣ እውነት ነው» አልኩ።

ይህንኑ ጻፊው ተባልኩ። ብርዝ ማለት ያልበሰለ ማለት መሆኑን፣ እግሩም የዓባይ ቆላ ጨዋታ መሆኑን ጻፍኩና ፈረምኩ። ጽሑፌ የእኔ አይመስልም ነበር፤ እሱም ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ለረጅም ጊዜ አስተያያቸው። ገብቶት ነበር? ያን ቀን ያጨበጨበላትን ልጅ የሚያስወጣበት ሰበብ ፈልጎ ነበር? እስካሁን አላውቅም። ሂዱ አለን።

ልጅቷ በማግስቱ ተለቀቀች። የሰማነው ወሬ ብቻ ነው፤ እኛ በተጠራንበት ዕለት አመሻሹ ላይ በተነሣ መኪና ተመልሰናል። ደብረ ወርቅ ሊወርዱ ሲሉ ጋሼን፣ ያ እግር ግን በእውነት መጥፎ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«መጥፎ አልነበረም» አሉ። «የእኛ አልነበረም።»

በዚህ አላበቃም። ለወራት በር በተንኳኳ ቁጥር እኔን ሊወስዱ የመጡ ይመስለኝ ነበር። ካድሬው አንድ ሰው ወደ ዓባይ በረሃ ልኮ፣ እንዲህ ያለ ጨፋሪ አለ ወይ ብሎ ቢያስጠይቅ አለቀልን። በደጀን ሳልፍ ከቆላ የመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር። ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበረው ክርክራችንም ሞተ። የኪነት ትርኢት ሲኖር እንሄዳለን፤ ሲያልቅ ጥሩ ነበር፣ ጥሩ ነበር እየተባባልን እንለያያለን። የእርሻው ጸሐፊ አንድ ቀን ሊያስቀኝ ፈልጎ ስለ አኮርዲዮን አንድ ነገር ወረወረ፤ ሁላችንም ዙሪያችንን አይተን ዝም አልን።

የገረመኝ ነገር በዓመቱ ሆነ። የክፍለ ሀገሩ ቡድን ደብረ ማርቆስ ላይ ያቀረበው ትርኢት መካከል ያንን የሚጎተት እግር አየሁት። አስተዋዋቂው የዓባይ ቆላ ባህላዊ ጨዋታ ብሎ አቀረበው። ስምንት ልጆች በአንድ ላይ እየጎተቱ ወደ ኋላ ሄዱ። አንዳቸውም እንደ እሷ አልነበሩም። ለጋሼ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ እሳቸው ግን ያን ክረምት ዐርፈዋል።

ልጅቷን እንደገና ያየኋት ከዚያ በኋላ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሞጣ ልብስ ልታሰፋ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። የማን ሱቅ እንደሆነ ያወቅኩት ከገባሁ በኋላ ነው። ባልደረባዬ ተለክታ ጨርቅ ልትመርጥ ጎረቤት ሱቅ ስትገባ፣ ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች፤ አንቺስ አትለኪም አለችኝ። እንቢ ማለት አልቻልኩም። ሜትሩን ትከሻዬ ላይ ዘረጋችው።

«የጻፍሽው አንቺ መሆንሽን አውቃለሁ» አለችኝ፣ ቁጥሩን እያየች። «ወረቀቱን አንብበውልኛል።»

እሷ እየለካች፣ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ በቀስታ ነገረችኝ። እስር ቤቱ ውስጥ ያስጨፍሯት ነበር። ሙዚቃ የለም፤ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ አስጠግተው መካከል ላይ ያቆሟታል። የትኛው የእኛ ነው፣ የትኛው የሱዳን ነው፣ ለይተሽ አሳዪን ይሏታል። በየቀኑ። ልለይላቸው ብዬ ነበር አለችኝ፤ መለየት ግን አልቻለችም፤ ሰውነቷ አብሮ ነው የተማራቸው። አሁንም ሠርግ ላይ ጎትተው ሲያስነሷት ትከሻዋ ሊጀምር ሲል ያ ክፍል ይመጣባታል፤ ትቀመጣለች።

ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን መርፌዎቹን በከንፈሯ ይዛ የጠቀለለችብኝን ጨርቅ ከወገቤ ላይ እያጠፈች ነበር። በጥርሷ መካከል፣ «አትናገሪ፤ ስትናገሪ ልኩ ይዛባብኛል» አለችኝ። እጆቼን ወደ ጎን ዘርግቼ እንደቆምኩ ቀረሁ።