«ዓይንዎን ያርገብግቡ»

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ነው። ዓመት አልፎታል፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። ስልኬ በአንዳች ጉዳይ «ፊትዎን ወደ ካሜራው ያቅርቡ» ባለኝ ቁጥር ያ አዳራሽ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል፣ ደሜም ይፈላል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ቴክኖሎጂ የምጠላ ሰው አይደለሁም። መካነ ሰላም ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የኮምፒውተር መምህርት ነኝ። መብራት በጠፋ ቀን ኪቦርድ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ ያስተማርሁ ሴት ነኝ። ስለዚህ ማንም ተነሥቶ «አልገባት ብሎ ነው» እንዳይለኝ።

አባቴ ከከተማው ወጣ ብላ ባለች የገጠር ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ተጋርደው ነበር። መጀመሪያ የሰው መልክ ጠፋባቸው፣ ቀጥሎ መንገዱ። ቅዳሴውን በቃላቸው ስለሚያውቁት ለጊዜው አላስቸገራቸውም። አንድ እሑድ ግን ከቅዳሴ ወጥተው፣ «ልጄ፣ ከእንግዲህ መቅደስ አልገባም። ጽዋው ከእጄ ቢዛባስ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ውጭ ከምእመኑ ጋር ቆመው ያስቀድሱ ጀመር። ከልጅነት እስከ ሽበት መቅደስ ውስጥ የኖሩ ሰው ግድግዳ ተደግፈው ሲቆሙ ማየት ለእኔ ከባድ ነበር። ለእሳቸው ምን እንደነበረ እግዜር ይወቀው።

በዚህ መሐል የዓይን ሐኪሞች ከሩቅ ሊመጡ ነው ተባለ። ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት ነው የሚያመጣቸው፤ ሞራውን በነጻ ይገፋሉ። «ወረፋ የለም፣ ግፊያ የለም፣ አማላጅ የለም!» የሚል መልእክት በየስልካችን ደረሰን። ምዝገባው በድረ ገጽ ብቻ ነው። ምንም ነገር ማውረድ አያስፈልግም፤ ሊንኩን ተጭነህ ትገባለህ፣ ካሜራው ፊትህን አይቶ ሰውየው ራስህ መሆንህን ያረጋግጣል፣ ተራህን ይሰጥሃል። ደላላ በሰው ስም ተመዝግቦ ተራ እንዳይሸጥ ታስቦ ነው።

እኔማ ወደድሁት። መምህራን ማረፊያ ክፍል ገብቼ፣ «ይኸውላችሁ፣ ሥልጣኔ ማለት ይህ ነው» እያልሁ ሰበክሁ።

አባቴን ቤቴ አምጥቼ በራሴ ስልክ ሞከርን። ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ፣ ገጹ ግማሽ ድረስ እየተከፈተ እየቆመ ምሳችን ቀዘቀዘ። በስንት መከራ ተከፈተ። «ፊትዎን በክቡ ውስጥ ያድርጉ» አለ። አባቴ ክቡን የት አይተውት! ራሳቸውን በእጄ ይዤ አስተካከልሁላቸው። «ዓይንዎን ያርገብግቡ» አለ። አርገበገቡ።

«ዓይን አልተገኘም። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ።»

እንደገና ሞከርን። በር ላይ ወጥተን ሞከርን፣ ጥላ ውስጥ ገብተን ሞከርን። ስልኩን ከፍ አደረግሁት፣ ዝቅ አደረግሁት። አባቴ እንደ ታዘዙት ያርገበግባሉ፤ ገጹ ዓይን የለም ይላል።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ኔትወርክ ነው፣ አባ» አልኋቸው። ለዓይን ሕመምተኛ የተሠራ ነገር ዓይን የለዎትም ይላል ብዬ እንዴት ልንገራቸው?

ደግሞ ሰው ባለበት ሰው ይረዳናል ብዬ አሰብሁ። ሐኪሞቹ ሥራ በጀመሩበት ቀን አባቴን ይዤ ወደሚያክሙበት አዳራሽ ሄድሁ። ግቢው ጢም ብሏል። ከደጎሎ የመጣ አለ፣ ከአጅባር የመጣ አለ። አንዱ በልጁ፣ አንዱ በሚስቱ ትከሻ እየተመራ መጥቷል። አጠገባችን አንዲት ትልቅ ሴት ምራታቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ሐዋ ይባላሉ። ከማሻ ወዲያ ካለ ገጠር ስንት መኪና ቀያይረው ነው የደረሱት። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ከተወለደች ጀምሮ አይተዋት አያውቁም።

«ድምጧን ነው የማውቀው» አሉን። «አላህ ካለ ዘንድሮ መልኳን አያለሁ።»

«አብሽሪ፣ ታያለሽ» አሏቸው አባቴ።

በሩ ላይ አንድ አስተባባሪ ታብሌት ይዞ ተቀምጧል። ስልክ የሌለው በእሱ ይመዘገባል። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ሰላምታው ሞቅ ያለ ነው። ግን አልፎ አልፎ ዓይኑ የጠራ ሰው ያልፋል እንጂ፣ የቀረው ሁሉ ቀርቦ ያርገበግባል፣ ታብሌቱ ዓይን የለም ይላል፣ እሱም «ሲስተሙ አልተቀበለም፣ ቀጣይ» ይላል። እማማ ሐዋም ደርሷቸው አርገበገቡ። ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ እንዲያደርጉ ተነገራቸው፤ አደረጉ። አልተቀበለም።

የአባቴ ተራ ደረሰ።

«አባታችን፣ ጥምጥሙን ማውለቅ አለብዎት» አለ አስተባባሪው። «ሲስተሙ የራስ መሸፈኛ አይፈልግም።»

ቄስ በሰው ፊት ጥምጥሙን አያወልቅም። እኔ ልጃቸው እንኳ ራሳቸውን ገልጠው ያየኋቸው ታመው ሲተኙ ብቻ ነው።

«ኧረ በአላህ! ቄሱን ምን አድርጉ ነው የምትሏቸው?» አሉ እማማ ሐዋ። «የእኔን ሻሽ አስገፍታችሁ ምን አገኛችሁ?»

አባቴ ጥምጥሙን ቀስ ብለው አነሡና ደረታቸው ላይ ያዙት። ራሳቸው ላይ የቀረችው ጥቂት ነጭ ጸጉር ነፋስ ነካት። የቆመው ሰው፣ ማየት የሚችለው ማለቴ ነው፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። አባቴ ለታብሌቱ ዓይናቸውን አርገበገቡ።

«ዓይን አልተገኘም።»

በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን እስከ ዛሬ በቃል ልገልጸው አልቻልሁም። ታብሌቱን ነጥቄ ድንጋይ ላይ ብፈጠፍጠው ደስ ባለኝ።

«ወንድሜ፣ እዚህ የሚያልፈው ጤነኛ ዓይን ያለው ብቻ ነው ማለት ነው?» አልሁት።

«እንደዚያ አትበዪው፣ እህቴ። ሲስተሙ ዓይን መኖሩን ነው የሚያረጋግጠው።»

«ዓይን ቢኖራቸው ምን ሊያደርጉ ይመጡ ነበር?»

«እኔ መቀየር አልችልም፤ የተሠራው ሌላ ቦታ ነው» አለ። እውነቱን ነው። የሠሩት ሰዎች የሞከሩት በገዛ ራሳቸው ፊት መሆን አለበት። ዓይናቸው ጥርት ያለ፣ ቢሮ ወንበር ላይ የተቀመጡ፣ ራሳቸው ያልተሸፈነ ሰዎች። ሞራ ያለበት አንድ ሰው ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው ቢሞክሩት ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። የዓይን ሕሙማንን ለመመዝገብ የተሠራ ነገር አንድም የዓይን ሕመምተኛ ሳያይ ከተማችን ደረሰ።

«እንሂድ፣ አባ» አልኋቸው። እንባዬ መጥቷል።

«ወዴት?» አሉኝ። ጥምጥማቸውን መልሰው አሰሩ። «ተራዬን ሳልይዝ?»

በዳበሳ ግድግዳውን አገኙና መቋሚያቸውን አስደገፉት። በእኛ አገር ይህን የማያውቅ የለም። ወፍጮ ቤት ጆንያህን፣ ቧንቧ ላይ ጀሪካንህን ትተህ ትሄዳለህ፤ ተራህ ተራህ ነው፣ ማንም አያልፍህም። እማማ ሐዋ ያን ሰምተው ነው መሰለኝ፣ ምራታቸው ነግራቸው ነው መሰለኝ፣ ዱላቸውን ከመቋሚያው አጠገብ አቆሙ። እጀታው በቆዳ የተጠቀለለ የወይራ ዱላ ነው። ከዚያ ሌላው አቆመ፣ ሌላውም ቀጠለ። ግድግዳው ዱላ በዱላ ሆነ። ዱላ ለእነዚህ ሰዎች ምን እንደሆነ አስቡት። መንገዳቸውን የሚያዩበትን ነገር ነው ትተው የሄዱት።

አመሻሽ ላይ አስተባባሪው ወጥቶ፣ «ያልተመዘገበ ሰው አይታከምም፤ በከንቱ አትጉላሉ፣ ወደየቤታችሁ ሂዱ» አለ። ጥቂቶቹ ዱላቸውን እያነሡ ሄዱ። የቀሩት ከተማ ውስጥ ዘመድ ያለው ዘመድ ጋ፣ የሌለው ቤተ ክርስቲያኑ ደጅና መስጊዱ ግቢ ለማደር ተበተኑ። አባቴን ወደ ቤቴ ወሰድኋቸው።

በማግሥቱ «አልሄድም፣ ምን ይፈየዳል» ብዬ ነበር። አባቴ ግን «መቋሚያዬ እዚያ ነው» አሉኝ። ሄድን።

ከሐኪሞቹ አንዱ ወደ ሥራው ሲገባ ግድግዳው ዘንድ ቆሞ ዱላዎቹን ያያል። ጥበቃውን «ይህ ሁሉ ምንድን ነው?» ሲል ሰማሁት።

«ተራ ነው፣ ዶክተር» አለው ጥበቃው።

«የምን ተራ?»

«የማያዩት ሰዎች ነዋ!»

ሐኪሙ ወደ እኛ ዞረ። የተጠራቀመውን ሰው ዓይን አንድ በአንድ፣ ቅርብ ብሎ ተመለከተ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። «ትናንት ቀኑን ሙሉ ያየነው መነጽር የሚፈልግና ዓይኑን የሚያሳክከው ሰው ነው» አለ። «አንድም ሞራ ያለበት አልመጣልንም። እዚህ አገር ሞራ የለም ብለን ዕቃችንን ልንሸክፍ ስንነጋገር ነው ያደርነው።»

ውስጥ ሐኪም በሽተኛ አጥቶ ይቀመጣል፤ ደጅ በሽተኛ ሐኪም አጥቶ ይመለሳል። በመካከላቸው ያለው አንድ ታብሌት ነው።

አስተባባሪው «ዶክተር፣ እነዚህ እኮ ሲስተሙ ላይ የሉም» አለ።

«አሁን ይግቡ፣ ስማቸውን በኋላ ትጽፉታላችሁ» አለው ሐኪሙ። የመጀመሪያውን መቋሚያ በእጁ አነሣና፣ «ይህ የማን ነው?» ብሎ ተጣራ።

አባቴ እጃቸውን ዘረጉ፣ ዳሰሱት፣ «የእኔ ነው» አሉ።

እንዲህ ነው የተመዘገቡት። ሐኪሙ ዱላ ያነሣል፣ ሰዉ በእጁ ዳስሶ የራሱን ይለያል። አንድም ሰው የሌላውን ዱላ የእኔ ነው አላለም። ያን ሁሉ ማረጋገጫ የፈለጉት ተራ እንዳይሰረቅ አልነበር? ይኸው አልተሰረቀም።

በቆዳ የተጠቀለለው የወይራ ዱላ ሲነሣ ግን እጁን የዘረጋ አልነበረም። «ሐዋ!» ብዬ ተጣራሁ። ግቢውን ዞርሁ፣ መስጊዱ ድረስ ሄድሁ። እማማ ሐዋና ምራታቸው ወደ አገራቸው የሚሄድ የጭነት መኪና አግኝተው ጎሕ ሳይቀድ ተሳፍረዋል አሉኝ፣ እዚያ ያደሩት። ምራቲቱ ክንዳቸውን ይዛ ስለምትመራቸው ለዱላው አልተመለሱም። «ሂዱ» ተብለው የለ? ሄዱ።

የአባቴ ቀዶ ሕክምና ቀና። ፋሻው የተፈታ ዕለት ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩና «ከስተሻል» አሉኝ። ከዚያ ስንወጣ ግድግዳው አጠገብ ቆሙ። ዱላው ብቻውን ተደግፎ ነበር።

«ይህ የማን ነው?» አሉ።

«የእማማ ሐዋ።»

«አልገባችም?»

«አልገቡም፣ አባ።»

ዱላውን አንሥተው ያዙት። እስከ ቤት ድረስ ይዘውት መጥተው ለእኔ ሰጡኝ።

ሐኪሞቹ ከሄዱ በኋላ የማጠቃለያ ስብሰባ ተጠራ። የኮምፒውተር መምህርት ስለሆንሁ እኔም ተጋበዝሁ። አስተባባሪው ሥራውን በምስል እያሳየ አቀረበና «ያጋጠሙ ተግዳሮቶች» ከሚል ርእስ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አስቀመጠ፦ ኅብረተሰቡ ስለ አዳዲስ የድረ ገጽ ቴክኖሎጂዎች ያለው ግንዛቤ ዝቅተኛ መሆን።

እጄን እንኳ አላወጣሁም፤ ብድግ አልሁ። «አባቴ አርገብግቡ ሲባሉ አርገበገቡ። አውልቁ ሲባሉ አወለቁ። የትኛው ግንዛቤ ነው የጎደላቸው?» አልሁ። ደግሞም «ተመልሶ የሄደው ሰው ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ሲስተሙ ያላለፈውን ሰው አይመዘግብም» ተባልሁ። «ስለዚህ የተመለሰ ሰው አይታይም።»

አዳራሹ ውስጥ ራሱን የነቀነቀ ነበር፤ መልሱ አጥጋቢ ሆኖለት ነው መሰለኝ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ተሻገሩ።

አባቴ ዛሬ ወደ መቅደሳቸው ተመልሰዋል። ባየኋቸው ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ያን ሐኪምም እመርቀዋለሁ። ግን ደስታዬ ሙሉ አይደለም፤ እንዲሞላም አልፈልግም። ተማሪዎቼን ድረ ገጽ መሥራት ሳስተምር፣ «የምትሠሩለትን ሰው ፊት አስቀምጣችሁ ሞክሩት» እያልሁ እጮኻለሁ። ለምን እንደምጮህ ሲጠይቁኝ ከክፍሉ በር ኋላ ያለውን ዱላ አሳያቸዋለሁ።

ወደ ማሻ የሚሄድ ሹፌር፣ ነጋዴ፣ መምህር ባገኘሁ ቁጥር ስለ እማማ ሐዋ እጠይቃለሁ። «የየትኛው ሰፈር? የማን ልጅ?» ይሉኛል። አላውቅም። የልጅ ልጃቸው አሁን ትሮጣለች መሰለኝ፤ እሳቸው ግን ዛሬም የሚያውቁት ድምጧን ነው። በሲስተሙ ቢሆን እንዲህ ያለች ሴት መካነ ሰላም መጥታ አታውቅም።

ዱላቸው ግን እኔ ጋ ነው።