ሳይደባለቅ

ለጢፋ አጋሮ አጠገብ ባለ የቡና ማድረቂያ ጣቢያ አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። በየዓመቱ የምርቱ ወቅት ሲያልቅ ድርጅቱ ሠራተኞቹን አውቶቡስ ላይ ጭኖ ጅማ ከተማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ቀበሌ ወዳለ አዳራሽ ያመጣቸዋል። እንግዳ ይናገራል፣ ለስላሳ ይጠጣል፣ ይበተናል። ዘንድሮ ግን ከንግግሩ በኋላ የእሷ ስም እንደሚጠራ ተነግሯታል። ለከርሞ የማድረቂያው ኃላፊ ልትሆን ነው።

«ፈታ በይ እንጂ፣ ሹመኛ!» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችው ጽዮናዊት። ቡና በሚሰጣበት የሽቦ አልጋ ግራና ቀኝ ቆመው ዓመታት አብረው አገላብጠዋል። «አምና የመጣው ሰውዬ ‹ህልም ይኑራችሁ› ብሎን ሄደ። እኔ እንቅልፉንም አላገኘሁት።»

ለጢፋ አልሳቀችም። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር፣ አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ቡናውን ሸራ እናልብስ ብለዋት ነበር። «ቆዩ፣ ደመናው ወደ ሊሙ ያልፋል» አለቻቸው። ቡናው ለመድረቅ የአንድ ቀን ፀሐይ ብቻ ነበር የቀረው፤ ያቺ ፀሐይ እንድታመልጣት አልፈለገችም። ደመናው አላለፈም። ሁለት አልጋ ሙሉ ቡና ራሰ። መልሳ አደረቀችውና በአሥራ አንድ ጆንያ ሞላችው፤ ለአለቆቿ ግን ትንፍሽ አላለችም። ሴቶቹም ስለ እሷ ብለው ዝም አሉ። ነገ ጠዋት ከሌላው ቡና ጋር ተደባልቆ ይጫናል።

እንግዳዋ ወይዘሮ ኢፍቱ ቡና ቀማሽ ናቸው። ወረቀት አልያዙም።

«እኔም እንደናንተ ለቃሚ ነበርኩ» ብለው ጀመሩ። «አንዴ አንድ መኪና ሙሉ ቡና ቀምሼ ከደረጃ ጣልኩ። ከአምስት ሲኒ አንዱ ሻጋታ ሻጋታ ይላል። የትኛው ጆንያ ነው ቢባል ማን ይወቀው? ተደባልቋል! የስንት ገበሬ ልፋት አብሮ ወደቀ። በኋላ አንዲት ሴት እያለቀሰች መጣችና ‹ዝናብ ነክቶት ነበር› አለችኝ። ማሎ! ቀድማ ብትነግረን ኖሮ የሚለየው እኮ ጥቂት ነበር። አትሳሳቱ ልላችሁ አልመጣሁም፤ እኔም እሳሳታለሁ። ሳይደባለቅ ተናገሩ፣ ይኸው ነው።»

አዳራሹ አጨበጨበ። የለጢፋ እጆች ጭኗ ላይ ቀሩ። ዞር ብላ ጽዮናዊትን አየቻት።

«ማርያምን፣ እኔ አልነገርኳቸውም!» አለች ጽዮናዊት።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ሸምሰዲን ወረቀት ይዘው ወደ መድረኩ ወጡ። ለጢፋ ልትነሳ ስትል ጽዮናዊት ሻሿን ያዘቻት። «ተቀመጪ! መጀመሪያ ሹመቱን ተቀበዪ፣ ከዚያ ቢሮ ገብተሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

ለጢፋ ለአፍታ አሰበችው። ከተሾመች በኋላ አፏ እንደማይከፈት ግን ራሷን ታውቃለች። ቢስሚላህ ብላ ተነሳች።

«አቶ ሸምሰዲን፣ ስሜን ከመጥራትዎ በፊት የምናገረው አለኝ።»

ሁሉንም ተናገረች። «እናልብስ ሲሉኝ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሴቶቹ የሉበትም» ብላ ጨረሰች።

የሥራ አስኪያጁ ፊት ጠቆረ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም ብለሽ፣ ዛሬ እንግዳ ፊት?»

«ነገ ይጫናላ።»

ወረቀቱን አጠፉት። «እንግዲያው ሹመቱ ይቆይ።»

«ኤዬ፣ ይቆይ» አለች ለጢፋ፣ ቆማ እንዳለች። «ጆንያዎቹም ይቆዩ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ወይዘሮ ኢፍቱ ግን አልሳቁም፤ ሥራ አስኪያጁን ትክ ብለው አዩዋቸው።

«ይቆዩ» አሉ አቶ ሸምሰዲን በመጨረሻ።

በማግስቱ የጣቢያው መጋዘን ሲከፈት ለጢፋ በሩ ላይ ነበረች። የጆንያዎቹን አፍ የሰፋችው ራሷ ስለሆነች በስፌቱ ለየቻቸው። አንድ በአንድ ወደ ማዶው ግድግዳ መጎተት ጀመረች። ጽዮናዊት እያጉረመረመች መጣች።

«አርፈሽ ብትሾሚ ኖሮ ዛሬ ቆመሽ እኔን ታዢኝ ነበር።»

«አሁንስ መቼ ተውኩሽ?» አለች ለጢፋ። «በዚያ በኩል ያዢ።»