በበንቲ ላይ ያላከክኩት ሽቦ

ሀና ማርያም አካባቢ መብራት ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ሰዉ "በንቲ ነው እንዴ የሠራው?" ይላል። ልጆች ሳይቀሩ ይሉታል፤ በንቲን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ ልጆች። ይህቺን አባባል ያወጣኋት እኔ ነኝ። ግዛው እባላለሁ፤ የመብራት ሠራተኛ ነኝ፤ ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሲነኩኝ ቱግ እላለሁ፣ ሲያመሰግኑኝ ደግሞ እንደ ሕፃን እፍነከነካለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለ በንቲ ነው። ስለ እሱ እውነት ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ታገሡኝ።

በንቲ የዓለም ገና ልጅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነበር። ሥራ ላይ ሲበዛ ዝግተኛ ስለነበር አንጀቴን ያሳርረኛል። እኔ ሁለት ሽቦ እርስ በርስ ጠምዝዤ፣ ፕላስተር ጠቅልዬበት፣ ክዳኑን ገጥሜ ሦስተኛው ክፍል ስገባ፣ እሱ ገና የመጀመሪያውን ሽቦ ጫፍ በቢላ እየላጠ ነው። ጠምዝዞ ብቻ አይተውም። እያንዳንዷን መገናኛ ብሎን ባለው ማያያዣ ካላጠበቀ፣ ሳብ ሳብ አድርጎ ካልሞከረ ክዳን አይዘጋም።

"አንተ ሰውዬ፣ ሰርግ ነው እንዴ የምትደግሰው? ግድግዳ ውስጥ የገባን ነገር ማን ተመልሶ ያየዋል?" እለዋለሁ።

"ማንም አያየውም፤ ለዚህ እኮ ነው" ይለኛል። ከዚያ እንደገና ወደ ብሎኑ።

በ1999 ዓ.ም. ክረምት፣ ሚሊኒየሙ ሊገባ ሲል፣ የእትዬ ፀሐይወርቅን ቤት ያዝን። እትዬ ፀሐይወርቅ በርበሬ ነግደው፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ያቆሙት ቤት ነው። "ለአዲሱ ዓመት ካልገባሁበት ሞቼ እገኛለሁ" ብለው መቆሚያ መቀመጫ አሳጡን። እኔና በንቲ ሥራውን ተካፈልን። ሳሎኑና ወጥ ቤቱ የእኔ፣ ኮሪደሩና የኋላ ክፍሎቹ የበንቲ። ቤቱ ደረሰ፣ በዓሉም ሆነ፣ በላን ጠጣን።

ሦስት ወር ሳይሞላ የኋላው ክፍል ሶኬት ጨሰ። የተሰካው ፍሪጅ ተቃጠለ፣ ግድግዳው ጠቆረ። እትዬ ፀሐይወርቅ ሁለታችንንም አስጠርተው ሳሎን መሃል አቆሙን።

"የኋላው የማን ሥራ ነው?" አሉ።

"የበንቲ ነው" አልኩ፣ አፌን ሞልቼ።

በንቲ ዞር ብሎ አየኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየኝ። ከዚያ "እኔ አስተካክለዋለሁ እትዬ" አለ፤ በማግስቱ መጥቶ ሶኬቱን ቀየረ። እኔ ግን በዚህ አላቆምኩም። ነገሩ ስሜን እንዳያጠፋብኝ ብዬ በየደረስኩበት "የኋላው የእኔ አይደለም፣ የበንቲ ነው" እላለሁ። ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ ጨመርኩበት። መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር "በንቲ ነው እንዴ የሠራው?" ማለት ጀመርኩ። ሰፈሩ ወደደው። በዓመቱ በንቲን የሚጠራው ሰው ጠፋ፤ እሱም መሣሪያውን ሸጦ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ጥበቃ ሆኖ ገባ። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው በር ሲከፍትና ሲዘጋ ይኖራል።

ባለፈው ሐሙስ የእትዬ ፀሐይወርቅ ልጅ ሄርሜላ ደወለችልኝ። "ጋሽ ግዛው፣ ቶሎ ይድረሱልኝ!" አለች። ስደርስ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላለች። ቤት ሆና በኢንተርኔት የአንድ ድርጅት ደንበኞችን የምታነጋግርበት ሥራ አግኝታ ኖሯል፤ ገና የሙከራ ወር ላይ ናት። ኢንተርኔቱ የገባው ሳሎን ነው፣ የእሷ ክፍል ከኋላ ነው፣ መሃል ላይ ያሉት ግድግዳዎች ድንጋይ ስለሆኑ ዋይፋዩ እዚያ ሲደርስ ይሞታል። ሳሎን ሆና እንዳትሠራ፣ እናቷ ዳሌያቸውን ኦፕራሲዮን ከሆኑ ወዲህ ከጠዋት እስከ ማታ ጠያቂ አይጠፋም። ገመድ መሬት ለመሬት እንዳትዘረጋ፣ እትዬ ፀሐይወርቅ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ "ጠልፎ ሊጥለኝ?" ብለው አሻፈረኝ አሉ። ሁለት ጊዜ ደንበኛ እያነጋገረች ተቋርጦባታል። በማግስቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ አለቃዋ መስመር ላይ ገብታ ልትሰማት ነው። ያን ቀን ከተቋረጠ ሥራው አበቃ።

"እኔ ኢንተርኔት ምን አውቄ?" አልኳት።

የሞባይል ቻርጀር የሚያካክሉ ሁለት ነጫጭ ዕቃዎች አሳየችኝ። "አንዱን ሳሎን ሶኬት ላይ ሰክቼ ከኢንተርኔቱ ጋር አገናኘዋለሁ፣ ሌላውን ክፍሌ ሶኬት ላይ እሰካዋለሁ። ኢንተርኔቱ ግድግዳ ውስጥ ባለው የመብራት ሽቦ ይሄዳል" አለች።

"ኤዲያ! ነገ ደግሞ ውሃውን በስልክ ሽቦ እናምጣው በይኝ!"

ሳቀች። "ይሠራል እኮ ጋሽ ግዛው። ሽቦው ደህና ከሆነ አረንጓዴ ያበራል። የእኔ ክፍል ግን ይኸው ቀይ ሆነብኝ።"

"እሱማ ምን ይጠየቃል? የኋላው እኮ የበንቲ ሥራ ነው!" አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላም። እትዬ ፀሐይወርቅም ከሳሎን "ያ ሰውዬ ዛሬም አልለቀቀንም!" አሉ።

ሄርሜላ ግን እንደኛ ወሬ ላይ የምትቆም ልጅ አይደለችም። ዕቃዋን ይዛ ከሶኬት ወደ ሶኬት ሄደች። ወጥ ቤት አረንጓዴ። የኮሪደሩ መግቢያ አረንጓዴ። ከኮሪደሩ በር ወዲያ ያለው ሶኬት ላይ ስትሰካው ቀይ። "ችግሩ እዚህ መሃል ነው" ብላ በጣቷ አሳየችኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ከበሩ በላይ የሽቦ መገናኛ ሣጥን አለ፤ ቀለም ስለተቀባ ከግድግዳው ጋር ተመሳስሏል።

ቆጣሪው ጋ ሄጄ መብራቱን አጠፋሁ፣ መሰላል ላይ ወጣሁ፣ ቀለሙን በቢላ ልጬ ክዳኑን አነሳሁት። ሄርሜላ ከታች በስልኳ እያበራችልኝ ነው።

ክው ብዬ ቀረሁ። ማያያዣ የለም፣ ብሎን የለም። እርስ በርስ የተጠመዘዙ፣ የላሉ፣ የጠቆሩ ሽቦዎች ናቸው፤ ፕላስተሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የተጠመዘዙት ደግሞ ወደ ግራ ነው። እኔ ግራኝ ነኝ። በዚህ ሰፈር ሽቦ ወደ ግራ የሚጠመዝዝ ከእኔ ሌላ ሰው የለም። ለኋላው ክፍል መብራት የሚያደርሰው ደግሞ ይህ ሣጥን ነው፤ ያኔ ፍሪጁን ያቃጠለው ይኸው ጥምዝምዝ ነው።

ያኔ ቤቱ ሲሠራ፣ ጳጉሜን ሦስት ነበር ቀኑ። የበንቲ አክስት ሞታ እሱ ዓለም ገና ለቅሶ ሄዶ ነበር። "ኮሪደሩን ስመለስ እጨርሰዋለሁ፣ እንዳትነካው" ብሎኝ ነበር። እትዬ ፀሐይወርቅ ሲጮሁብኝ ጊዜ መሰላል ላይ ወጣሁና በአሥር ደቂቃ ጠማዘዝኩት። ረስቼው ነበር ልላችሁ አሰብኩ። አልረሳሁትም። ማስታወስ ነው ያልፈለግኩት።

"ምን አገኙ ጋሽ ግዛው?" አለች ሄርሜላ።

ያኔ አንዲት ቃል ነበረች መናገር የነበረብኝ። መሰላሉ ላይ ቆሜ፣ ሽቦው እጄ ላይ ሆኖ፣ "የድሮ ሥራ ነው" አልኩ።

ጫፎቹን ቆርጬ አዲስ ላጥኩ፤ ማያያዣ አስገብቼ በብሎን አጠበቅኩ፤ ሳብ ሳብ አድርጌ ሞከርኩ። መብራቱን መለስኩ። ሄርሜላ ከክፍሏ "አረንጓዴ!" ብላ ጮኸች፣ ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ። እትዬ ፀሐይወርቅ በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጡና "ያ በንቲ የልጄን እንጀራ ሊዘጋው ነበር! አንተ ባትኖርልን ምን ይውጠን ነበር ግዛው? ዕድሜ ይስጥህ!" አሉኝ። "አሜን" አልኩ። ምላሴን በቆረጠው ኖሮ! ምሳ ቀረበልኝ፤ በላሁ።

ዓርብ እኩለ ቀን ሄርሜላ ደወለች። አንዴም ሳይቋረጥባት ጨርሳ ሥራው ጸንቶላታል፤ ደስታዋ በስልክ ይሰማል። "እማዬ ለጎረቤቱ ሁሉ እየነገረችልዎት ነው፣ የበንቲን ጥፋት ግዛው አስተካከለው እያለች" አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ያቺ ልጅ ደስ ሲላት እንኳን በንቲ እንደገና ይሰደባል። ቅዳሜ ጠዋት ጀሞ ሄድኩ።

በሩ ላይ አገኘሁት። ሸብቷል፣ የጥበቃ ካፖርቱ ሰፍቶታል። "ግዛው? አንተ ነህ?" ብሎ ተጠመጠመብኝ። ትንሿ የጥበቃ ቤት አስገብቶ ከፔርሙዝ ሻይ ቀዳልኝ። ግድግዳው ላይ የአንዲት ሴት ፎቶ አለ።

"ባለቤቴ ናት። ካረፈች አራት ዓመት ሆናት" አለኝ።

"ሰምቻለሁ" አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ አፈርኩ፤ ሰምቼ አልመጣሁም ማለት ነው።

ሻዩን ሳልቀምስ ሁሉንም ነገርኩት። ሣጥኑን፣ ጥምዝምዙን፣ ጳጉሜን ሦስትን። በንቲ እስከ መጨረሻው ሰማኝና "አውቃለሁ" አለ።

"ምኑን ነው የምታውቀው?"

"ሶኬቱን ልቀይር የሄድኩ ቀን ሣጥኑንም ከፍቼዋለሁ። የአንተን እጅ አጣዋለሁ እንዴ? እሳት እንዳያነሳ አጠበቅኩት፣ አዲስ ፕላስተር ጠቀለልኩበት። ግን አልፈታሁትም። አንድ ቀን ራሱ ይከፍተዋል፣ ያየዋል፣ ይናገራል ብዬ። አንድ ወር ጠበቅኩህ፣ ከዚያ አንድ ዓመት ጠበቅኩህ። ኋላ ተውኩት።"

ቢሰድበኝ ምን ነበረበት! በካልቾ ብሎ ቢያስወጣኝ እንዴት በቀለለኝ! እሱ ግን ሻዬ ቀዝቅዞ ይሆናል ብሎ ደፍቶ ሌላ ቀዳልኝ።

"ለእትዬ ፀሐይወርቅስ ምን አልካቸው?" አለኝ።

"ምንም" አልኩ። አንገቴን ደፋሁ።

"ታዲያ እኔ ጋ ምን ልታደርግ መጣህ? እኔ እኮ ሳውቀው ነው የኖርኩት። ለማያውቁት ንገር እንጂ።" ይህን ሲል ውጪ መኪና ጥሩንባ ነፋ፤ በሩን ሊከፍት ወጣ።

ከዚያው በታክሲ ቀጥታ ሀና ማርያም፣ እትዬ ፀሐይወርቅ ቤት። "ና ግባ፣ ባለውለታዬ!" አሉኝ። አልተቀመጥኩም፤ በሩ አጠገብ ቆሜ ተናገርኩ። ፍሪጁንም እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፣ ስሙንም እኔ ነኝ ያጠፋሁት አልኩ። እንዲጮሁብኝ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። አልጮሁም። ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

"ግዛው" አሉ፣ "የዚያ ሰው ሚስት የሞተች ጊዜ ጎረቤቶቼ 'ነይ ለቅሶ እንድረስ' ብለው በሬ ድረስ መጥተው ነበር። 'ቤቴን ያቃጠለ ሰው ቤት አልሄድም' ብዬ መለስኳቸው። በሕይወቴ እያወቅኩ ለቅሶ ያልደረስኩት እሱን ብቻ ነው። አንተ ነህ ያስቀረኸኝ።"

አፈር ሆንኩ።

"ሄርሜላ፣ ነጠላዬን አምጪልኝ" አሉ።

"የት ልትሄጂ ነው እማዬ?"

"ለቅሶ።"

"ከአራት ዓመት በኋላ?"

"ከአራት ዓመት በኋላ። አንተም ናና ደግፈኝ።"

ክንዳቸውን ይዤ እስከ ታክሲ ተራ አደረስኳቸው። ረዳቱ ከሾፌሩ ኋላ ቦታ ለቀቀልን። ጀሞ ልንደርስ ስንል ዞር አሉና "ስሟ ማን ነበር? ስገባ ስሟን ጠርቼ ነው ማልቀስ ያለብኝ" አሉኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ከአንድ ሳህን የበላሁት ሰው ነው። ያገባት ከተለያየን በኋላ ነው። በዚያው ቀን ጠዋት ፎቶዋ ሥር ቁጭ ብዬ ስለ ራሴ ጥፋት ሳወራ አረፈድኩ እንጂ፣ ማን ትባል ነበር ብዬ አልጠየቅኩም።

"አላውቅም እትዬ" አልኳቸው።