ጠዋት ጠዋት የሚሞተው ማዞሪያ

ለሜሳ ቱሉ ተቀምጦ መብላት አይሆንለትም ነበር። ጉርሻውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ይነሣል፣ በመስኮት ያያል፣ ይመለስና የሬዲዮኑን ጀርባ መፍታት ይጀምራል። ባለቤቱ ሰናይት የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ ናት። «በመወርወሪያ ድምፅ ማደጌ ሳያንስ መወርወሪያውን ራሱን አገባሁት» ትል ነበር ለመጣ እንግዳ ሁሉ።

አባቱ ከገጠር መጥተው ሸጎሌ ከብት ይነግዱ ነበር። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ እየተናገረ አደገና ቴሌ ገብቶ የስልክ ሙያ ተማረ። ምሰሶ ላይ ወጣ፣ የኬብል ጉድጓድ ውስጥ ገባ፤ በመጨረሻ ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የስልክ ቴክኒሺያን ሆኖ ተቀጠረ። ይህ ታሪክ የደረሰውም እዚያው ነው፣ በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ገደማ፣ የሆስፒታሉ አሮጌ የስልክ ማዞሪያ ተነሥቶ አዲሱ በተተከለበት ወቅት።

አሮጌውን ሳላስረዳ የአዲሱ ችግር አይገባም። አሮጌው ማዞሪያ ቁም ሣጥን የሚያህል የእንጨት ዕቃ ነበር፤ ፊቱ ላይ ቀዳዳዎችና ትንንሽ አምፖሎች፣ ሥሩ ላይ ደግሞ ገመዶች አሉት። ከማዋለጃ ክፍል አንዲት ነርስ ስልክ ስታነሣ የክፍሏ አምፖል ይበራል። ፊት ለፊቱ የምትቀመጠው ስልከኛ፣ ደሳለች፣ ገመድ ትሰካና «አቤት» ትላለች። ነርሷም «ደሱ፣ እንደምን አደርሽ?» ትላለች። ደሳለች ደህና ማደሯን ትናገራለች፣ የነርሷን ቤተሰብ ትጠይቃለች፣ ከዚያ «ማንን ልስጥሽ?» ትላለች። ልብ በሉ፣ የት ልስጥሽ አትልም። ደሳለች የሚፈለገው ዶክተር ቀዶ ጥገና ይሁን ምሳ ቤት ታውቃለች፤ ገመዷን ባለበት ትሰካለታለች።

አዲሱ ግን ሌላ ዓለም ነው። ከአንድ የሶሻሊስት አገር የመጡ ግራጫ የብረት ሣጥኖች ናቸው፤ አንድ ክፍል ተሰጥቷቸው በሩ ይቆለፋል። ውስጣቸው በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ መግነጢሶች ሲሳቡና ሲለቀቁ ጣሪያ ላይ በረዶ የሚዘንብ ይመስላል። ለሜሳ ይህን ማሽን ወደደው። እኔም አሠራሩን ሲያስረዱኝ ወድጄዋለሁ፤ እንዲህ ነው። ስልክ ስታነሡ ማሽኑ አንድ «ቁጥር ተቀባይ» የሚባል መሣሪያ ይመድብላችኋል። ተቀባዩ «እምምም» የሚል ድምፅ ይሰዳል፤ ዝግጁ ነኝ፣ ቁጥሩን አምጣ ማለቱ ነው። የክፍሉን ቁጥር ስታዞሩ ይቀበላል፣ መስመሩን ያገናኛል፣ እናንተን ትቶ ወደሚቀጥለው ሰው ይሄዳል። ሥራው የጥቂት ጊዜ ስለሆነ ለመላው ሆስፒታል አራት ተቀባይ ብቻ ነበር። በዓለም ላይ ያሉ እንዲህ ዓይነት ማዞሪያዎች ሁሉ በዚህ ስሌት ይሠሩ ነበር፤ አራቱ ይበቃሉ።

አልበቁም። በተተከለ በሳምንቱ ማዞሪያው ጠዋት ጠዋት መሞት ጀመረ። ሐኪሞች ሲገቡ፣ የሌሊት ነርሶች ሥራ ሲያስረክቡ፣ ስልክ ሲነሣ ምንም ድምፅ የለም። ከማዋለጃ ክፍል ሐኪም ለመጥራት ሰው በእግር ይሮጣል። ረፋድ ላይ ማሽኑ ራሱ ይነሣል፤ ከሰዓት በኋላ ሰዓት ይመስል ይሠራል።

ለሜሳ ሽፋኑን ሁሉ ፈታ። ፊውዝ መረመረ፣ ባትሪውን ለካ፣ መግነጢሶቹን አንድ በአንድ በብሩሽ ጠረገ። ማታ ቤቱ ሲገባ ጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ የማሽኑን ድምፅ እየመቱ ሰናይትን እንቅልፍ ይነሧት ነበር።

የሠራተኛው ማኅበር ሊቀመንበር ስብሐት ቢሮው አስጠራው። ስብሐት ከአብዮቱ በፊት የካርድ ክፍል ጸሐፊ ነበር፤ ዕድሜው ከለሜሳ ያንሳል፣ ቃሉ ግን ሰው ያስራል።

«ከሰዓት ይሠራል አልከኝ?»

«ይሠራል።»

«ጠዋትስ?»

«ጠዋት ይሞታል።»

«ጥፋቱ የማሽን ነው የሰው?»

«የማሽን ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ማሽን ሰዓት አያውቅም፣ ጓድ ለሜሳ። ሰዓት የሚያውቅ ሰው ነው።» ስብሐት እስክሪብቶውን ከደነ። «አርብ ከበላይ አካል ጎብኚዎች ይመጣሉ፣ ጠቅላላ ስብሰባም አለ። ወዳጅ አገር የለገሰን ማሽን ለምን እንደማይሠራ ይጠይቁኛል። እኔ ምክንያት ከሌለኝ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚቀረኝ። ቃሉን ታውቀዋለህ።»

ያውቀዋል። «አሻጥር» የሚለው ነው። ባለፈው ዓመት ፍሪጅ ተበላሽቶ መድኃኒት ሲጣል የመጋዘኑ ኃላፊ በዚሁ ቃል ተወስዶ አልተመለሰም። በዚያ ላይ ለሜሳ ጴንጤ ነው። የሚያመልኩበት አዳራሽ ታሽጎ ቁልፉ ቀበሌ ገብቷል፤ እሱና ሰናይት ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ ባለ አንድ ቤት ከጥቂት ሰዎች ጋር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልያሉ። ስብሐት ይህን ያውቃል። እስካሁን ዝም ያለው ሌላ የስልክ ባለሙያ ስለሌለው ነው።

«ሥራ ለቅቀህ ወደ አባትህ አገር ብንሄድስ?» አለችው ሰናይት ማታ ቤት ሲገባ።

«ከሸሸሁማ አሻጥረኛው እኔ መሆኔን ፈረምኩ ማለት ነው።»

«እንግዲያው ቁጭ በልና አስብ።»

«ቁጭ ስል አላስብም፣ ሰኒ።»

ሐሙስ ጠዋት ማሽኑ እንደልማዱ ሲሞት ለሜሳ ኮሪደሩን ይመላለስ ጀመር። ደሳለች ጠራችው። እሷ አሁን ጥግ ላይ አዲስ ወንበር ተሰጥቷት ከውጭ የሚመጣ ስልክ ብቻ ትቀበላለች።

«አንተ ልጅ፣ ወለሉን ልትጨርሰው ነው እኮ።»

«ምን ላድርግ እትዬ ደሳለች?»

«እኔንም አስኮረፍክብኝ። ሲስተር የዓለምወርቅ ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ደሱ፣ አዲስ ወንበር ሲሰጡሽ ኮራሽብን። ጠዋት ስልክ አንሥቼ እንደምን አደርሽ ስልሽ ዝም ትያለሽ።› ከሕፃናት ክፍልም እንደዚሁ ወቀሱኝ። እኔ ያልሰማሁትን ሰላምታ ከየት አምጥቼ ልመልስ?»

ለሜሳ ቆመ። «ስልክ አንሥተው ነው እንደምን አደርሽ የሚሉት? ቁጥር ሳያዞሩ?»

«ታዲያ ማን ነው ሰላም ሳይል ጣቱን የሚያሽከረክር? ሰው ፊት ጣት እንደመቀሰር አይደለም እንዴ?»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው ሁሉ ቁጥር ማዞር ሠልጥኗል፣ ደግሞም ያውቃል። ሥልጠናው ግን የተሰጠው አዳራሽ ውስጥ፣ ሽቦ ባልተቀጠለበት ስልክ ነበር፤ ሰላም የሚባል ሰው አልነበረበትም። ክፍላቸው ገብተው እውነተኛውን ስልክ ሲያነሡ የለመደ ጆሯቸው «አቤት»ን ይጠብቃል። «እምምም» ሲል ደሳለች ሥራ የያዘች ይመስላቸዋል፤ ይታገሷታል፣ በትሕትና ሰላም ይሏታል። አንዱ ሰው ሲታገስ አንዱ ተቀባይ ተያዘ ማለት ነው። ማሽኑ ቁጥር ሲያጣ ቆይቶ ይጥላቸዋል፤ መስመሩ ዝም ሲልባቸው ይዘጉና እንደገና ያነሣሉ፤ ደግሞ ይይዙታል። አራት ሰው ሰላምታ ላይ ከሆነ ለተቀረው ሆስፒታል ማዞሪያው ሞቷል። ጠዋት ደግሞ ሰው ሁሉ «እንደምን አደርክ» የሚባባልበት ሰዓት ነው።

አንባቢ «ቴክኒሺያን ሆኖ ይህን እንዴት አላየም?» ይል ይሆናል። መስመሩ ላይ መፈተሻ ስልክ ሰክቶ ቢያዳምጥ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይሰማው ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሰው ሲነጋገር መስመር ላይ ጆሮውን ሰክቶ የተገኘ ሰው ቴክኒሺያን ነኝ ቢል ማን ይሰማዋል? ስለዚህ ለሜሳ የሚፈትሸው ሰው በማይነጋገርበት ሰዓት ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማሽኑ ደህና ነው።

አሁንም ያወቀውን በቃል ቢናገር ሰበብ ይመስልበታል። ብቻውን ቢያዳምጥ ሰላይ ይሆናል። ኮሪደሩን ጨርሶ ተመለሰ፣ ደግሞ ጨርሶ ተመለሰ፣ ከዚያ የስብሐትን በር አንኳኳ።

«ምክንያቱን አግኝቻለሁ። በራስዎ ጆሮ እንዲሰሙት ነው የምፈልገው።»

የማሽኑ ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ። ለሜሳ የመፈተሻ ስልኩን አንደኛው ተቀባይ ላይ ሰክቶ ለስብሐት ሰጠው። ስብሐት እምምታው ስለረበሸው ከጆሮው ትንሽ አራቀው፤ እንዲህ ሆኖ ለሜሳም ሰማ።

«ደሱዬ፣ እንደምን አደርሽ?» ይላል የሲስተር የዓለምወርቅ ድምፅ። «እ... ልጅሽ ተሻለው ወይ? ይኸው፣ ዛሬም ዝም።»

ለሜሳ ሁለተኛው ላይ ሰካ። አንድ አዛውንት የጥበቃ ሠራተኛ ጤና ይስጥልኝ እያሉ ነበር። ሦስተኛው ላይ አንድ ሐኪም ጉሮሮውን እየጠረገ ይጠብቃል። አራተኛው ላይ ደግሞ እንደገና የዓለምወርቅ ናት፤ ዘግታ አንሥታለች፣ አሁን ግን አጠገቧ ላለ ሰው ታወራለች።

«አርብ ደግሞ ያ ስብሐት ቀኑን ሙሉ ሊያስቀምጠን ነው። ካርድ ሲጽፍ እንኳ እንዲህ አይለፈልፍም ነበር፤ አፉን አይደክመው?»

ስብሐት ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ ለሜሳን አየው። ለሜሳ ወለሉን አየ። አሁን የሚፈራው ለራሱ ብቻ አልነበረም፤ ሴትዮዋን በገዛ እጁ ለሰው ጆሮ አቀብሏታል።

«ምን ሰማህ?» አለ ስብሐት።

«ሰላምታ ነው የሰማሁት፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ስብሐት ስልኩን ከጆሮው አወረደ። «እኔም ሰላምታ ነው የሰማሁት» አለና ስልኩን መለሰለት። «ለነገ ምን ታደርግልኛለህ?»

ለሜሳ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር፤ ከኮሪደሩ ጀምሮ በጭንቅላቱ ሽቦ ሲቀጥል ነው የመጣው። ስልክ አንሥቶ ቁጥር ያላዞረን ሰው ማሽኑ ዝም ብሎ በመጣል ፈንታ ፈጥኖ ወደ ደሳለች ወንበር እንዲልከው አደረገ። ዐውቆ የሚያዞር ያዞራል፤ ሰላም የሚል ሰላም የምትመልስ ሰው ያገኛል፤ ተቀባዮቹም ነፃ ይሆናሉ። ሲመሽ ጨረሰ። አርብ ጠዋት ሆስፒታሉ ስልክ አነሣ፣ ደሳለችም «አቤት» አለች። ስብሐት በስብሰባው ላይ የአጠቃቀም ልማድ ችግር ተፈቷል ብሎ ለጎብኚዎቹ ረጅም ንግግር አደረገ። ያ ቃል አልተነሣም። ለሜሳ ከኋላ ቆሞ ሰማ።

ሰኞ ግን ስብሐት ወደ ማሽኑ ክፍል ብቻውን መጣ። እጁን ኪሱ ከትቶ ሣጥኖቹን እየዞረ አየ።

«ያ ያሰማኸኝ ነገር» አለ፣ «በፈለጉት ሰዓት በማንም መስመር ላይ ይሰካል?»

ለሜሳ ብሩሹን አስቀመጠ። «ተቀባዮቹን ያዳክማቸዋል። ደጋግመው ካዳመጡባቸው ይቃጠላሉ። ሐሙስ ዕለት የሰካሁት ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ ነው።»

ውሸት ነው። መፈተሻ ስልክ ተቀባይ አያቃጥልም።

«አንዱ ቢቃጠልስ?»

«ሦስት ይቀራሉ። ማዋለጃ ክፍል እንደገና በእግር ይሮጣል። ጎብኚዎቹም ይመለሳሉ።»

ስብሐት አራቱን ተቀባዮች በዓይኑ ቆጠረ። አመነ አላመነ፣ ከፊቱ አይነበብም። «እንግዲህ አታቃጥላቸው» አለና ወጣ።

ለሜሳ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። መፈተሻው የሚሰካባቸውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ከሽቦአቸው አላቀቀ፤ ብረቶቻቸውን ነቅሎ ባዶ ሽፋናቸውን ብቻ መልሶ ገጠመ፣ ከውጭ የሚያይ ሰው ምንም እንዳይጎድልበት። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ሲታመም ጣቶቹን መግነጢሶቹ ላይ አሳርፎ በንዝረታቸው ነበር ሕመሙን የሚፈልገው። አድካሚ፣ ረጅም መንገድ ነው። ከቴሌ የሚመጡ ቴክኒሺያኖች ለምን እንዲህ ትለፋለህ ሲሉት ማሽኑ ይህን ይወዳል ይላቸው ነበር። በሩ ላይ የእግር ኮቴ በተሰማ ቁጥር ግን፣ ስብሐት ይሆናል ብሎ፣ እጁን ያነሣል።