እስከ መስቀል የማይነሣው የቢሮ ጌጥ

ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጠረጴዛዬን ሳየው ከፋኝ። ቀለሙ ተላልጧል፤ አንዱ መሳቢያ አይዘጋም፤ ላዩ ላይ የማኅተም ቀለም ፈስሶ ደርቋል። በክፍሉ አራት ሠራተኞች ነበርን፤ ለእኔ የደረሰኝ የመስኮቱ ጥግ ነው። ቁጭ ብዬ ቀና ስል ግን ጉና ፊት ለፊቴ ተገትሯል። ተወልጄ ያደግሁት እዚያ ተራራ ሥር ነው። ለመስኮቱ ስል ጠረጴዛውንም ወደድኩት።

ዋና ጸሐፊያችን እትዬ አሰገደች ይባላሉ። በታይፕራይተር ጀምረው ኮምፒውተር ላይ የደረሱ ሴት ናቸው። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ማኅተም ሳያጋድሉ መምታት ነው። ቀጥለው ስለ ጠረጴዛ አያያዝ ነገሩኝ።

«ጠረጴዛው የመንግሥት ነው» አሉኝ። «አሳምሮ መያዙ ግን ያንቺ ፈንታ ነው። ብቻ ጌጥሽ ወደ ጎረቤትሽ ጠረጴዛ እንዳይሻገር፤ ባለጉዳይ ሲገባም ፊትሽን እንዳይሸፍነው።»

እኔ የሰማሁት «አሳምሮ» የሚለውን ብቻ ነው። የመጀመሪያ ደሞዜን እንደተቀበልኩ ሐሙሲት ገበያ ወርጄ የፕላስቲክ አበባ በየቀለሙ፣ የሚያብረቀርቅ ሪባንና የሰርግ ቤት ፊኛ ሸምቼ ተመለስኩ። ሰኞ ጠዋት ጥጌን አስጊጬ ጨረስኩ። ከፊት ለፊቴ የሚቀመጡት የሒሳብ ሠራተኛ አቶ ደሴ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ሙሽራዋ በስንት ሰዓት ነው የምትገባው?» አሉ።

አኮረፍኩ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ገበሬ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡና ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። ማመልከቻቸውን ልቀበል እጄን ብዘረጋ፣ እሳቸው አበባ እየመረጡ ነው።

«ልጄ፣ ይቺ ቀይዋ ስንት ናት?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ አሰገደች እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለሰውዬው ቀይዋን በነፃ ሰጠኋቸው፤ ቀሪውን ማታ በፌስታል ቤቴ መለስኩ።

ከዚያ ወዲያ ቀስ እያልኩ ገባኝ። እናቴ ካረጀ ነጠላዋ የቆረጠችልኝን ጥለት በጠረጴዛው መስታወት ሥር ዘረጋሁ። ጡጫ የምታህል ትንሽ ማሰሮ ገዝቼ እስክሪብቶ መያዣ አደረግኋት። ከጉና ጦስኝ ነቅዬ በጣሳ ተከልኩ፤ አቶ ደሴን ግን እያስነጠሳቸው አስቸገረ። ጣሳውን ከመስኮቱ ውጭ አደረግሁትና ታረቅን።

በዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ዋዜማውን ከሰፈር ልጃገረዶች ጋር ሜዳ ወርጄ እንግጫ ነቀልኩ። እኛ ዘንድ ይህ ሣር ከአደይ አበባ ጋር ተጎንጉኖ የቤት ምሰሶ ላይ ይታሠራል። አንዴ ከታሠረ እስከ መስቀል አይነሣም፤ በመስቀል ደመራው ላይ ይጣላል። ቤት የሚደረገው ቢሮስ ቢደረግ ምናለበት ብዬ በአራታችንም ጠረጴዛ ጥግ አሠርኩ።

«እኔ ደግሞ መቼ ምሰሶ ሆንኩ?» ብለው አቶ ደሴ አጉረመረሙ። በሚቀጥለው ዓመት ዘግይቼ ብገባ፣ በር ላይ የጠበቁኝ እሳቸው ናቸው። «የኔ እንግጫ የታለ?» አሉኝ።

እንዲህ እንዲህ እያለ የክፍሉ ልማድ ሆነ። እትዬ አሰገደች በጡረታ ሄዱ፤ በምትካቸው ሌላ ሠራተኛ ገባች፤ እኔም ዋና ጸሐፊ ሆንኩ። አንድ ዓመት በጳጉሜን አዲስ ኃላፊ ተሾሙልን። አቶ ቢኒያም ይባላሉ፤ በዕድሜ ከእኔ ያንሳሉ፤ ሥራ ወዳድና ቆፍጣና ናቸው። በእንቁጣጣሽ ማግስት ለእሳቸውም ጠረጴዛ አሠርኩ። ፈገግ ብለው አመሰገኑኝ።

በዚያው ሳምንት፣ የቢሮ ዕቃ ሁሉ ቦታና አወጋገድ ይኑረው የሚሉት የካይዘን ገምጋሚዎች እንደሚመጡ ተነገረ። አቶ ቢኒያም ክፍላችን ገቡ።

«ከኮምፒውተርና ከሚሠራበት ፋይል በቀር ጠረጴዛ ላይ አንድም ነገር እንዳላይ።»

ጥለቴን አነሣሁ፤ ማሰሮዬን አነሣሁ፤ ጦስኙንም ቤቴ ወሰድኩ። እንግጫው ቀረ።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ይሄስ?»

«እሱ እስከ መስቀል አይነሣም።»

«መመሪያ ነው እኮ!»

«ሌላውን ሁሉ አንሥቻለሁ። ይሄን ግን እጄ አይፈታውም።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «እንግዲያው ገምጋሚዎቹ ሲመጡ እዚህ ካገኘሁት ወደ ማባዣ ክፍል አዛውርዎታለሁ» ብለው ወጡ።

ማባዣ ክፍሉ መስኮት የለውም። ወረቀትና የማሽን ሙቀት ብቻ ነው። ቤቴ ገብቼ እራት አልበላ አለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጉናን ሰላም ብዬ ነው ሥራ የምጀምረው። ያንን ጥግ ላጣው መሆኑን ሳስበው አለቀስኩ። ቢሆንም በማግስቱ ገብቼ አልፈታሁትም። አቶ ደሴ ቀና ሳይሉ «የኔንም እንዳትነኪ» አሉኝ።

ያን ዕለት ጠዋት አንዲት አሮጊት ብቅ ብለው ክፍሉን አዩና ተመለሱ። ሮጬ ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባቸው።

«እማማ፣ ወዴት ነው?»

«ቢሮው ለቆ የለም እንዴ፣ ልጄ? ባዶውን ቀርቷል እኮ! ሌላ ቦታ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

አቶ ቢኒያም በራቸው ላይ ቆመው ነበር፤ ሰምተዋል። ወደ ቢሯቸው ተመለሱ።

ገምጋሚዎቹ ከሰዓት መጡ። መሪያቸው ደልደል ያሉ ሴት ናቸው፤ ከኃላፊው ቢሮ ጀመሩ። እኔ ፋይል ታቅፌ ከኋላ ቆምኩ። የአቶ ቢኒያም ጠረጴዛ ተወልውሎ ያበራል፤ ላዩ ላይ ምንም የለም። ሴትዮዋ ግን ልማዳቸው ነው መሰለኝ፣ እጃቸውን ሰደው መሳቢያውን ሳቡት።

ነጭ ወረቀት ተነጥፎበት ያሠርኩላቸው እንግጫ ተኝቷል። አደዩ ደርቋል፤ ጉንጉኑ ግን እንዳለ ነው።

«ይሄስ ምንድን ነው?» አሉ ሴትዮዋ።

አቶ ቢኒያም እኔን አዩ፤ መሳቢያውን አዩ።

«እስከ መስቀል አይነሣም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ቦታው የት ነው?»

«ጠረጴዛው ጥግ ነበር።»

«አወጋገዱስ?»

«ደመራ ላይ ነው።»

ሴትዮዋ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ስንት ቢሮ ዞሬ የሚነሣበት ቀንና የሚወገድበት ቦታ የታወቀ ዕቃ ያገኘሁት ዛሬ ነው። ይመለስ ወደ ጥጉ!»

አቶ ቢኒያምም ሳቁ። እኔ እንኳ እየሳቅሁ ይሁን እያለቀስኩ አላውቀውም፤ ፋይሉ ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ተበተነ። አቶ ቢኒያም ጎንበስ ብለው አብረውኝ ሲለቅሙ «ፈታሁት፤ ልጥለው ስል ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ» አሉኝ በሹክሹክታ።

የማባዣ ክፍሉ ነገር ዳግም አልተነሣም። በመስቀል አምስታችንም እንግጫችንን ይዘን ደመራው ጋ ወረድን። የአቶ ቢኒያም በጣም ስለደረቀ ቀድሞ ነደደ፤ አቶ ደሴም ዓመቱን ሙሉ ቀለዱባቸው።

አምና በጡረታ ወጣሁ። ጥጌን የወረሰችው ወጣት ምን ላስቀምጥበት ብላ ጠየቀችኝ። የነገርኳት ይህን ነው፦ ጥቂት አስቀምጪ፤ ጎረቤትሽን አያስነጥሰው፤ የሚነሣበትን ቀን እወቂ። በእንቁጣጣሽ ደግሞ ለኃላፊውም እሠሪ።